መልስ፦ ጥንቸሏ የኤሌክትሪክ ገመድ እንዳትበላብኝ ቤቱን እንዴት ላዘጋጅ?

ገመዱን ጥንቸሏ ከምትደርስበት ቦታ አርቂው፤ ቁጣ አይሠራም። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ ያገኘችውን ትቆረጥማለች። ከመምጣቷ በፊት፦

1. የቲቪና የቻርጀር ገመዶችን ከወለል አንሺ። የማይነሣውን ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገቢው። ለስላሳውን ትበሳዋለች።

2. ከሶፋና ከፍሪጅ ጀርባ ያለውን ክፍተት በጣውላ ድፈኚ። ገመዱ የሚከማቸው እዚያ ነው፤ እሷም መደበቅ የምትወደው እዚያው።

3. ድርቆሽ ሁልጊዜ ፊቷ ይኑር። ዋና ምግቧ ነው፤ ጥርሷንም ይሞርድላታል። ካሮት ጣፋጭ ስለሆነ አልፎ አልፎ ብቻ፣ የካርቱን ፊልሙ ምንም ቢያሳይ።

የቤትሽ ወለል ሴራሚክ ከሆነ ያንሸራትታታል። ምንጣፍ አንጥፊላት፤ ጫፉ ግን የማይተረተር ይሁን፤ ክሩን ትውጠዋለች።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ጥንቸል አሳድጌ እንዳየሁት፣ ሲያማት ድምፅ አታሰማም፤ መብላት ታቆማለች። ግማሽ ቀን ካልበላች ወይም በጠጥ መጣል ካቆመች «ነገ ይሻላታል» አትበዪ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጃት። ጥንቸል የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ካሁኑ አፈላልጊ፤ ብዙዎቹ የለመዱት ውሻና ከብት ነው።