«ብሩ ያለው በእኔ አካውንት ነው፤ ምን ይሻለኛል?»

ጥያቄ፦ አንቺ ስልሽ አትቀየሚኝ፣ የድሬ ልጅ ነኝ። ሳቢያን ያለን 11 ጓደኛሞች ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚይዝ ማዕከል እንደግፋለን፤ ስማችንም «የማዕከሉ ወዳጆች» ነው። ባዛር አዘጋጅተን፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቡና አፍልተን ሸጠን፣ ውጭ ያሉ የሰፈር ልጆችም ጨምረውበት 86,000 ብር ደርሷል። ብሩ ግማሹ በግል አካውንቴ፣ ግማሹ በቴሌብሬ ላይ ነው። አሁን ማዕከሉ «በስማችን የሰበሰባችሁትን አስገቡልን» አለ። ጓደኞቼ ደግሞ «ለደሞዝና ለነዳጅ ያደርጉታል፣ ዕቃ ገዝተን እንስጥ» ይላሉ። ባለፈው እሁድ አንዲት የሰፈር እናት አስቁማኝ «የኔ ልጅ፣ ያቺ ብር የት ደረሰች?» ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ።
ገንዘብ ያዡ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አቦ ምን ያስቀይመኛል! እኔም ሐረር ነው ያደግኩት፤ «እርስዎ» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ዕዳ ሊጠይቀኝ ይመስለኛል።

ላብ ያጠመቀህ ሌባ ስለሆንክ አይደለም። ለእናትየው የምታሳያት ወረቀት ስለሌለህ ነው። ነገ አንድ ነገር ብትሆን፣ አያድርስና፣ ባንኩ የሚያውቀው አንተን እንጂ አረጋውያኑን አይደለም፤ ብሩ ውርስ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አስገባላቸው። ሰዉ ብር ያዋጣው ማዕከሉን ብሎ ነው፣ እናንተ ስሙን ተውሳችሁ ነው የዞራችሁት። ለመቄዶንያ በ8161 የሚልክ ሰው መሃል ላይ የማንም ኪስ የለበትም፣ አይደል?

ደሞዙን በተመለከተ ግን ጓደኞችህ ተሳስተዋል። አዛውንት የምታጥበዋ ልጅ ካልተከፈላት ዊልቸሩን ማን ሊገፋው ነው? ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የእንዲህ ያለ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ እንዴት እየሠሩ እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዕቃ መግዛቱ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ አንድ ማዕከል መጋዘን ገብቼ ለበዓል የመጣ ፓስታ እስከ ጣሪያ ተከምሮ፣ የታችኛው ነቀዝ በልቶት አየሁ። በር ላይ ሠራተኛዋ አሮጌ አንሶላ እየቀደደች ነበር፤ ለካ ዳይፐር አልቆባቸዋል። ሁሉም ፓስታ ይዞ ይመጣል፣ ዳይፐር ይዞ የሚመጣ የለም። ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ሁሌ ያናድደኛል።

እናንተ ከመግዛት ይልቅ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁና አንድ ገጽ ተፈራረሙ፦ ይህን ያህል ብር ለዳይፐርና ለመድኃኒት፣ ማኅተም ያለው ደረሰኝ፣ በየሦስት ወሩ ምን እንደተገዛበት የሚናገር ወረቀት። እሺ ካሉ ጥሩ። በደረሰኝ ላይ የሚያንገራግር ድርጅት ከሆነ ግን ወዳጁ አትሁኑ።

የለም፣ ራሳችንን ችለን ከሕዝብ እንሰብስብ ካላችሁም መንገድ አለው። አዋጁ «የበጎ አድራጎት ኮሚቴ» የሚለው ነገር አለ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ፈቃድ የምታወጡበት፤ ሕጉ ድሬዳዋንም ይመለከታል። ቁጥራችሁ ይበቃል፣ ግን የወረቀቱን ሥራ ማን ሊሠራ ነው? ለእኔ አስራ አንድ ሰው ቡና እያፈላ ብሩን በቀጥታ ማስገባቱ ይሻላል።

እስከዚያው ከእድራችሁ ተማሩ፤ እኛ ሐረር አፎቻ እንለዋለን። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ይለያያሉ፣ አንድ ሰው ብቻውን ከባንክ አያወጣም፣ የሞተ ሰው እንኳን ከመዝገብ የሚሰረዘው በፊርማ ነው። አንተም ዛሬ ማታ ደብተር ይዘህ ማን ስንት ሰጠ፣ ለስኳርና ለከሰል ስንት ወጣ የሚለውን ጻፍ። እኔ አንዴ ለእርዳታ እራት አዘጋጅቼ የአዳራሽና የድምፅ ማጉያ ኪራይ ብሩን ጠራርጎ በልቶብኛል፤ ያን ቀን ሂሳቡን ቁጭ ብዬ ባልጽፍ ዛሬም አላውቀውም ነበር።

ደረሰኙን ስትቀበል ፎቶ አንስተህ ውጭ ላሉት ልጆች ላክላቸው። እናትየዋ ጋ ግን ራስህ ሂድ፣ ወረቀቱን በእጇ ስጣት። ሆጃ ሳታጠጣህ አትለቅህም።