ወይኑ የጠፋው ከስሙ ነው ወይስ ከጠርሙሱ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ስዊድን ነው። እዚህ ብረንቪን የሚባል መጠጥ አለ። ‹ቪን› ወይን ማለት ነው፤ መጠጡ ግን ከእህል ወይም ከድንች ነው የሚወጣው። በአማርኛ ብራንዲ ልበለው? ብራንዲስ ‹ብራንድ› ከሚለው ቃል የመጣ ነው?»

መልስ፦ ብራንዲ አይበሉት። ስሞቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ መጠጦቹ ግን ይለያያሉ።

የሁሉም መነሻ «የተቃጠለ ወይን» ነው። ሆላንዶች ብራንደዌይን፣ ጀርመኖች ብራንትቫይን፣ አይስላንዶች ብረኒቪን ይላሉ። እንግሊዞች በ17ኛው መቶ ዘመን ከሆላንዶች ወስደው ብራንዲዋይን አሉት። ብዙም ሳይቆዩ ጭራውን ቆርጠው ብራንዲ አደረጉት። እንግዲህ እንግሊዝኛው ወይኑን ከስሙ አወጣ፤ ስዊድንኛው ስሙን ይዞ ወይኑን ከጠርሙሱ አወጣ።

«ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ነው» የሚሉ አሉ። ሰዋስው አያውቁም ልበል? ቅጽሉ ተገብሮ ነው፤ በግእዝ «ውዑይ» እንደምንለው። ተቃጣዩ ወይኑ እንጂ ጠጪው አይደለም። በጀርመንኛ ብረነን ዛሬም ማቃጠልም ዐረቄ ማውጣትም ነው።

ብራንድም ከዚያው ሥር ነው፤ በጋለ ብረት የሚተኮስ ምልክት ነበር። ስለዚህ ለብራንዲ የአክስት ልጅ እንጂ እናት አይሆነውም።

ጀርመኖች ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠማቸው። ብራንትቫይን ለማንኛውም ጠንካራ መጠጥ ስም ሆኖ ቀረ። ከወይን የሚወጣውን በፈረንሳይ ከተማ ስም ኮኛክ ይሉት ነበር፤ በ1919 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቬርሳይ ውል ይህን ስም ለፈረንሳዮች አስከበረ። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት የገለበጠውን ቫይንብራንድ የሚል ስም ያዙ። ጎበዞች ናቸው።

ቪን ራሱ ከላቲኑ ዊኑም ነው። የኛ ወይንና የዕብራይስጡ ያዪንም ከዚሁ ጎራ ናቸው፤ ማን ከማን እንደወሰደ ግን ሊቃውንት አልተስማሙም። ዐረቄ ግን ከዐረብኛ ነው፤ ላብ ማለት ነው። ጀርመኑ እሳቱን አየ፣ ዐረቡ ጠብታውን። እኔን ካላችሁኝ ጠብታው ይበልጣል። በዐይኑ ዐ የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ዐረብኛው በዐይን ይጀምራልና። ሁሉም በአልፋው አ እየጻፈ መሆኑን ግን አላጣሁትም።

ለጥያቄዎ፦ ብረንቪን ዐረቄ ነው፣ በቃ። ብራንዲን እኔ «የወይን ዐረቄ» ብለው ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ አስተናጋጅን እንዲህ ብለው ቢያዙት ግን ግራ ይገባዋል። እሺ፣ ብራንዲ ይበሉ።