ደሴ ላይ ተቀምጦ የባሕር ወለል ማዕድን

ደሴ ላይ ኢኮኖሚክስ እየተማርሽ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በጥልቅ ባሕር ማዕድን አዋጭነት ላይ ልትሠሪ አስበሻል። ጓደኞችሽ «ወደብ እንኳ የለንም» ብለው ሳቁብሽ፤ አንቺ ደግሞ በዚህ ሙያ እንጀራ ይገኝ እንደሆነ ጠየቅሽኝ።

እህቴ፣ ርዕሱን አትልቀቂው። (ስዊዘርላንድም የባሕር ወደብ የላትም፤ ግሌንኮርን የመሰለ የብረታ ብረት ነጋዴ ግን መቀመጫው እዚያ ነው።) እንጀራውን ግን ከባሕሩ አትጠብቂ። እስካሁን ከጥልቁ ወለል አውጥቶ በንግድ ደረጃ ማምረት የጀመረ የለም። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ ሊጀምር የነበረው ኖቲለስ ሚነራልስ በ2019 እ.ኤ.አ. ከሰረ፤ ባለድርሻ የነበረው መንግሥትም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀለጠበት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል፣ ከ4,000 እስከ 6,000 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ድንች የሚያካክሉ ጥቋቁር እንክብሎች ተኝተዋል። አንድ ቶን ደረቅ እንክብል በግምት 13 ኪሎ ኒኬል፣ 11 ኪሎ መዳብ፣ 2 ኪሎ ኮባልትና ከ270 ኪሎ በላይ ማንጋኒዝ ይዟል። ማንጋኒዙ ቢበዛም ርካሽ ነው፤ ተስፋው በአብዛኛው የተንጠለጠለው ኒኬሉ ላይ ነው። ኒኬል በ2022 በአማካይ በቶን ከ25,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 17,000 ግድም ወረደ። የማቅለጫ ብክነቱን ሳንቆጥር፣ ከእያንዳንዱ ቶን እንክብል ወደ 100 ዶላር ተነነ ማለት ነው። ዋጋውን የጣለችው በዋናነት ኢንዶኔዥያ ናት፤ ከየብስ ያወጣችው ኒኬል ገበያውን አጥለቀለቀው። በዚያ ላይ ኒኬልም ኮባልትም የማይፈልጉ የብረት ፎስፌት ባትሪዎች ተስፋፉ። እንክብሉን የሚያወጡት መርከብና ቧንቧ ደግሞ ገንዘብ የሚበሉት ዛሬ ነው፤ ሽያጩ ከዓመታት በኋላ። ኪንግስተን፣ ጃማይካ ያለው ዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን የማምረቻ ደንቡን ገና ስላላጸደቀ አምራቹ የሚከፍለው ድርሻ (ሮያሊቲ) ስንት እንደሚሆንም አልተወሰነም።

ይህን በኤክሴል አስልተሽ ማሳየት ከቻልሽ ደላንታ ቅርብሽ ነው። እዚያ የሚወጣው የከበረ ድንጋይ፣ የወገልጤና ኦፓል፣ ከተገኘበት ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙ ባሕር ተሻግሯል። ገደል ላይ የሚቆፍረው ልጅ እጅ ስንት ይቀራል? ድንጋዩ እዚሁ ተቆርጦ ቢሸጥ ስንት ይጨምራል? ይህን በቁጥር የሚመልስ ሰው ለማዕድን ቢሮም፣ ብድር ለሚመረምር ባንክም ያስፈልጋል። አንቺን የሚቀጥሩሽ እነዚህ ናቸው።

ለጽሑፉ የኒኬሉን ዋጋ በአንድ ቁጥር አታስሪው። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ አድርገሽ ሥሪና ፕሮጀክቱ የትኛው ላይ እንደሚወድቅ ለአማካሪሽ አሳዪ።