«ነይ እስቲ» ሲለኝ ጉልበቴ ይብረከረካል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 30 ዓመቴ ነው፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያደግኩት አጎቴ ቤት ነው። ዕቃ ከሰበርኩ በርበሬ እታጠን ነበር። ባልሰብርም «የማትረቢ» የምትለዋ ቃል አትቀርም። ዛሬ አለቃዬ «ነይ እስቲ» ሲለኝ ጉልበቴ ይብረከረካል። «ጎበዝ» ሲሉኝ የሚያሾፉብኝ ይመስለኛል። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ምንም» እላለሁ፣ የምሬን ነው፣ ምን እንደሆንኩ አላውቀውም። ያለፈ ነገር ከዛሬ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ያገናኘዋል። ልጅ «አሳዳጊዬ ክፉ ነው» ብሎ ማሰብ አይሆንለትም፤ መሄጃ የለውማ። ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞረዋል። «የማትረቢ» የምትለዋም በዚያው ገብታ እውነት ሆና ቀረች፤ ምስጋና የማይዋጥልሽ ለዚህ ነው።

የአለቃሽ ነገር ደግሞ የሰውነት ጉዳይ ነው። አሚግዳላ የሚባለው፣ አደጋ መጣ ብሎ የሚያነቃን የአንጎል ክፍል ቀን አይቆጥርም። «ነይ እስቲ» ያኔ ከበርበሬው ጭስ በፊት የሚመጣ ቃል ከነበረ፣ ሰውየው የፈለገው የወሩን ፔሮል ብቻ ቢሆንም ልብሽ ድው ድው ይላል።

ግን አንድ ነገር ልገምት። ባለቤትሽ ደረጃውን ሲወጣ በኮቴው ብቻ ተናዶ እንደመጣ ታውቂያለሽ አይደል? የሰው ፊት ማንበብ ያኔ ከዱላ ያስጥል ነበር። የራስሽን ስሜት ማወቅ ግን ምን ሊጠቅምሽ፤ ካለቀስሽ ይብስብሻል። ሳሎቬይና ሜየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ስሜታዊ ብልህነት ሲጽፉ የራስንም የሌላውንም ስሜት ማወቅ አንድ ላይ ነው ያስቀመጡት። አንቺ ግማሹን ከብዙ ሰው በላይ ትችይበታለሽ።

«ቅጣት ሰው ያደርጋል» የሚሉሽ አይጠፉም። እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ አዋቂዎችን የጠየቀ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ የልጅነት መከራው ዓይነት በበዛ ቁጥር በኋላ ድባቴውም፣ የመጠጥ ሱሱም፣ ራስን ለማጥፋት መሞከሩም ጨምሮ ነው የተገኘው።

ከዛሬ ጀምሮ «ምንም» አትበይ። ስሜቱ ስም ባይኖረው ሰውነትሽ ላይ የት እንዳለ ተናገሪ፤ «ደረቴን ከብዶኛል» ይበቃል። እንቅልፍ ከነሳሽ ወይም ሥራ ካስቀረሽ ባለሙያ አማክሪ። አማኑኤል ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚም ያያል፤ «የእብድ ቦታ» የሚሉትን ተያቸው። ሽማግሌ ይዞ «ከአጎትሽ ታረቂ» የሚልሽ ቢመጣም አትቸኩይ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቀኑን የምትቆርጪው አንቺ ነሽ።