መብራቱን ተወውና ጀሪካኑን ቁጠር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሐይቅ ዳር ለእንግዳ የምታከራየው አሮጌ ተሳቢ ቤት ገዝተሃል። ሻወሩም ሽንት ቤቱም ውስጡ ነው። ከሥሩ ሦስት ታንከር አለው፤ አንዱ የንጹህ ውሃ፣ አንዱ የሻወርና የዕቃ ማጠቢያ ፍሳሽ፣ አንዱ የሽንት ቤት። ግድግዳው ላይ አራት መብራት ያለው ሰሌዳ አለ። የሽንት ቤቱን ታንከር ቦቴ ጠርተህ አስመጠጥክ፤ መብራቱ ግን አሁንም "ሁለት ሦስተኛ" ይልሃል። "ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው? አዲስ ላስመጣ?" ነው ጥያቄህ።

አብሽር። አልተበላሸም ይሆናል። ዕቃው ሲሠራም እንዲህ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ የቁፋሮ ካምፕ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እንዳንተ ያሉ ሁለት ተሳቢ ቤቶች ነበሩን፤ ኢንጂነሮቹ ያድሩባቸው ነበር። ከነዚያ ሰሌዳዎች ጋር ያልተጣላሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

መጀመሪያ ሴንሰር የሚሉትን ነገር እንየው። ስሙ ከብዶ ነው እንጂ ብሎን ነው። የታንከሩ ፕላስቲክ ጎኑን ተበስቶ፣ ከታች ወደ ላይ በየደረጃው ብሎን ገብቶበታል። ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ፣ ጭራው ወደ ውጭ ነው። ጭራው ላይ ቀጭን ገመድ ታስሯል። የሰሌዳውን ቁልፍ ስትጫን ከ12 ቮልቱ ባትሪ ትንሽ ከረንት ይሄዳል። የታችኛውንና የላይኛውን ብሎን ውሃ ካገናኛቸው ከረንቱ ያልፋል፣ መብራት ይበራል። ካላገናኛቸው አይበራም። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ብሎኑ ስንት ሊትር እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው መርጠቡን ብቻ ነው። ውሃው ወርዶ ግድግዳው እንደረጠበ ከቀረ፣ ለብሎኑ ውሃው አልሄደም። ንጹህ ውሃ ከፕላስቲክ ላይ ወርዶ ይደርቃል። የሽንት ቤት ግን እንደሱ አይደለም።

አንዱን ቀን ላጫውትህ። የአንደኛው ቤት ሰሌዳ ሦስት ሳምንት ሙሉ "ሁለት ሦስተኛ" ላይ ቆመ። ኢንጂነሩ ፈራ። እኔም ፈራሁ። ቦቴ አስጠራን። ሹፌሩ ቱቦውን ከተተ፣ ሞተሩን አስነሳ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ቱቦው አየር መሳብ ጀመረ። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝና "አየር ልታስመጥጠኝ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ ያስመጣኸኝ?" አለኝ። ሂሳቡን ግን ሙሉ ነው የተቀበለው። እሱ ከሄደ በኋላ ቁልፉን ተጫንኩ። ሁለት ሦስተኛ!

አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣ ጓንት አድርጌ፣ የሽንት ቤቱን መዝጊያ ከፍቼ በባትሪ አበራሁ። (ክብሪትና ሻማ እንዳታስጠጋ፤ እዚያ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ እሳት ይወዳል።) ሁለተኛውና ሦስተኛው ብሎን ላይ አንድ ዘለግ ያለ ሶፍት ተንጠልጥሏል፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ነጠላ። ጫፉ ከታች ያለውን ርጥበት ነክቷል። ሶፍቱ ውሃውን እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ እየሳበ ሁለቱንም ከታችኛው ብሎን ጋር አገናኝቷቸዋል። በመጥረጊያ እንጨት ገፋ አደረግኩት። ወደቀ። ሰሌዳውን ሳየው አንደኛው መብራት ጠፍቷል። ሌላው ግን አልጠፋም፤ ግድግዳው ራሱ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ ቆዳ አውጥቶ ነበር።

የሻወርና የዕቃ ማጠቢያው ታንከር ደግሞ የራሱ አመል አለው። እኛ ዘንድ ወጥ በዘይት ነው፣ ለበዓል ደግሞ በቅቤ። ድስቱ ሲታጠብ ቅባቱና ሳሙናው አብሮ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ብሎኑን ፈትቼ ሳወጣው ጭንቅላቱ እርድ የመሰለ ቢጫ ሞራ ለብሷል። በጥፍሬ ፋቅኩት፤ ለቀቀ። ቅባቱ ሳሙናና ውሃ ከያዘ ከረንት ያሳልፋል፣ "ሙሉ" እያለ ይዋሻል። ደረቅ ሞራ ብቻውን ከሸፈነው ደግሞ ከረንቱን ይከለክላል፣ "ባዶ" ይላል። ያው አንዱ ብሎን ጠዋትና ማታ የተለያየ ነገር ሊነግርህ ይችላል።

ለእኔ "ባዶ" የሚለው ውሸት ነው የሚብሰው። ሌላኛው ቤት ውስጥ አንድ ማታ አለቃው ሻወር እየወሰደ "ኧረ ውሃው ወደ ላይ እየመጣ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሮጬ ስሄድ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ቆሟል፣ የሩዝ ፍሬ በእግሩ ዙሪያ ይንሳፈፋል። ሰሌዳው ላይ አንድም መብራት የለም። ጠዋት ከሥር ገብቼ ሳይ የታችኛው ብሎን ገመድ ዝጎ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ በጣቴ ስነካው ተበጠሰ። የታችኛው ብሎን ለሁሉም የጋራ ነው። እሱ ከሌለ ታንከሩ ቢፈነዳም መብራት አይበራም።

የንጹህ ውሃው ታንከር ከሁሉም ይሻላል። እሱም ቢሆን አንድ ክረምት አስገርሞኛል። ከሸራ ላይ ያጠራቀምነውን የዝናብ ውሃ ሞላንበት፤ ሰሌዳው ግን ፈዘዝ አለ። የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም፣ ከረንት እንደ ልብ አያሳልፍም። አንድ ማንኪያ ጨው ብንጨምርበት ወዲያው ቦግ አለ። የጉድጓድ ውሃ ላይ ይሄ ችግር የለም፤ ብሎኑ ላይ ነጭ ድንጋይ ይጋግርበታል እንጂ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ከመግዛትህ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ ለይ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከሥር ግባና ከታንከሩ ጎን ያሉትን ገመዶች ከብሎናቸው ንቀላቸው። ሌላ ሰው ውስጥ ሆኖ ቁልፉን ይጫን። መብራቱ ከጠፋ ሰሌዳህም ገመድህም ደህና ነው፤ ጥፋቱ ታንከሩ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ነው። እየበራ ከቀጠለ ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ተነካክቷል፣ ወይም ሰሌዳው ራሱ ሄዷል። ቀጥሎ የላይኛውን ገመድ ከታችኛው ጋር አገናኛቸው። መብራቱ መብራት አለበት። ካልበራ በመሃል የተበጠሰ ነገር አለ። የየትኛው ብሎን ገመድ የትኛው እንደሆነ ሳትነቅል በፊት ምልክት አድርግበት፤ እኔ አንዴ አምታትቼው አንድ ቀን ሙሉ በልቶብኛል።

ከነገርከኝ ተነስቼ ስገምት ያንተ ቆሻሻ ነው። ማጽዳቱን ደግሞ ሳላስበው ነው የተማርኩት። ካምፑ ሲዘጋ ቤቶቹን ወደ ኮምቦልቻ ጎትተን ወሰድናቸው። ከመነሳታችን በፊት የሽንት ቤቱን ታንከር ባዶ አድርጌ፣ ሽታው እንዲቀንስ ብዬ ሲሶውን ለብ ባለ ውሃና በልብስ ሳሙና ዱቄት ሞላሁት። ከደሴ ወጥተን የሐረጎን ቁልቁለት ጀመርን። ያን ጠመዝማዛ ታውቀዋለህ። ውሃው ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም የኋላው ሰው ይሰማው ነበር። ኮምቦልቻ ደርሰን ስናፈሰው የወጣውን ነገር አልነግርህም፣ ምሳ በልተህ ይሆናል። ሰሌዳውን ስጫን ግን "ባዶ" አለ። በዓመት የመጀመሪያው ነው።

አንተም ከሐይቅ ከተማ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም ኩርባ አያጣም። ለጥገና ስትጎትተው እንዲሁ አድርግ። ከሲሶ በላይ ግን አትሙላ። የውሃ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ታንከሬ 150 ሊትር ይይዛል ብለሃል፤ ሙሉ ሲሆን ኩንታል ተኩል ማለት ነው፣ ያውም የሚዋልል ኩንታል ተኩል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይፈታተናል። ሲሶው ግማሽ ኩንታል ነው፣ ይበቃል። የማትጎትተው ከሆነ ታንከሩን በሳሙና ውሃ ጢም አድርገህ ሞልተህ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አቆየውና በአንዴ ልቀቀው። በረዶ ጨምረህ ንዳው የሚሉም አሉ። በረዶ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ግድግዳውን ምን ብሎ እንደሚፍቀው አይገባኝም።

በረኪና አታብዛ። የማፍሰሻውን ጎማ ያደርቀዋል። ከአሲድ ጋር ወይም ሽንት ከተጠራቀመበት ጋር ሲገናኝ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ቀልድ አይደለም።

ሌላው፣ የሽንት ቤቱን ማፍሰሻ ቫልቭ ከፍተህ ወደ ጉድጓድ እንዲወርድ ትተኸው ከሆነ ዛሬውኑ ዝጋው። ብዙ ሰው "ሲሞላ ከምጨነቅ ይፍሰስ" ይላል። ፈሳሹ ይሄዳል፣ ደረቁ ይቀራል፣ ከመቀመጫው ሥር እንደ ጉብታ ይቆለላል። ሰሌዳው "ባዶ" ይልሃል፤ እንግዳህ ግን አፍንጫው ሥር ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል። ዝግ አድርገህ አጠራቅም፣ ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ በአንዴ ልቀቅ። ካፈሰስክ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጀሪካን ውሃ ከሥሩ ተው። መቼም ለሐይቁ ቅርብ ነህና የምታፈሰው የታሸገ ጉድጓድ ወይም ቦቴ ውስጥ መሆኑን አረጋግጥ። ያ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው።

ታንከሩን አጸዳህ እንበል። ሰሌዳውን ታምነዋለህ? እኔ አላምነውም። ሐረጎ ያጸዳልኝ ታንከር በሁለተኛው ሳምንት ወደ ውሸቱ ተመልሷል። እውነቱን ቢናገር እንኳ የሚናገረው ትንሽ ነው። አራት መብራት ለ150 ሊትር ማለት በየ50 ሊትሩ አንዴ ነው የሚያወራህ። "አንድ ሦስተኛ" ሲል 50 ሊትርም ሊሆን ይችላል፣ 95 ሊትርም። ቤቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ደግሞ ይሄም የለም።

እኛ የዳንነው በካምፑ ዘበኛ ነው። አንድ የመርሳ ሰው፣ ሽማግሌ፣ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። እኔ ከሥር ተኝቼ በቴስተር ስለካ ያዩኝና ዝም ይሉ ነበር። አንድ ቀን "ልጄ፣ ውሃውን በጀሪካን የምሞላው እኔ አይደለሁ? የገባውን ታውቃለህ፣ ታዲያ የወጣውን ምን አስጠፋህ?" አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በንጹህ ውሃው በኩል አንድ ጀሪካን በገለበጡ ቁጥር በሩ ላይ በከሰል አንድ መስመር ያሰምራሉ። የሽንት ቤቱ ፓምፕ ስለተቃጠለ ማፍሰሻ ውሃው በባልዲ ለብቻው ነበር፤ ለሱም ሌላ መስመር አላቸው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባቱ 140 ሊትር ነው። ሰባተኛው መስመር ላይ ታንከሩን እናፈሰዋለን፤ ሰሌዳው ምንም ይበል። ለሽንት ቤቱ በቀን በአንድ ሰው ሁለት ሊትር ያህል ደምርበት፤ ሰው ራሱም ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ቦቴ በከንቱ አልጠራንም። ሻወሩም ወደ ላይ አልመጣም።

አንተ ውሃ በቧንቧ የምታስገባ ከሆነ መስመሩ ላይ የቤት ውሃ ቆጣሪ አስገጥም፣ ያው መስመር ማስመር ነው። ለሽንት ቤቱ በሳምንት ሁለቴ በባትሪ አብርተህ እየው። ከዓይን የሚበልጥ ሴንሰር አላገኘሁም።

አዲስ ላስመጣ ላልከው፣ እነዚያኑ ብሎኖች መልሰህ እንዳትገዛ። ሁለት ወር አይቆዩም። ገንዘቡ ካለህ ከታንከሩ ውጭ የሚለጠፍ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ አሳልፎ የሚያነብ ዓይነት አለ። ቆሻሻውን ስለማይነካ ይሻላል፤ በመቶኛም ይነግርሃል። ግን ታንከርህ ቀጥ ያለ፣ ብረት ያልተጠጋበት ጎን ሊኖረው ይገባል። ውስጡ በጣም ከወፈረ እሱም ይሳሳታል። የአሮጌዎቹን ቀዳዳ ሳትነካ ተዋቸው፤ ብሎኑን ካወጣህ ማፍሰስ ይጀምራል።

ሰሌዳውን ግን ነቅለህ እንዳትጥለው። የባትሪውን መጠን የሚያሳየው መብራት ከታንከሩ ጋር አይገናኝም። እሱን ቆሻሻ አያሳስተውም።