መልስ፦ ደሴ ላይ የክሊኒካል ምደባ ዜና የት ልከታተል?

እህቴ፣ «ሲ-ዋን (የሕክምና ተማሪ ሆስፒታል ውስጥ መማር የሚጀምርበት የመጀመሪያው ክሊኒካል ዓመት) ልገባ ነው፣ የምደባው ዜና (ማን የትኛው ክፍል መቼ እንደሚገባ) ቴሌግራም ላይ ብቻ ነው ወይ የሚወጣው?» ላልሽው፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ! ቴሌግራሙን እይ፣ ግን እሱን ብቻ አትመኚ። የእኛ ባች ጊዜ አንዱ ጓደኛችን ፎርዋርድ የተደረገ የድሮ ዝርዝር አምኖ የቀዶ ሕክምና ክፍል ምደባው የመጀመሪያ ቀን አመለጠው። ልጁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ስለዚህ ትምህርት ክፍሉ በር ላይ የተለጠፈውን ሄደሽ አንብቢ። ቀንና ማህተም አለው? ስምሽን ከነመታወቂያ ቁጥሩ ፎቶ አንሺው። ጥርጣሬ ካለሽ ገብተሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ።

ከኮምቦልቻ የምትመላለሺ ከሆነ ደግሞ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በጊዜ ውጪ። መንገዱ ላይ ያለው ሐረጎ አቀበት ላይ ጭጋግ ከወረደ መኪናው ይንፏቀቃል፣ ሞርኒንግ (የሐኪሞችና የተማሪዎች የጠዋት ስብሰባ) ደግሞ አይጠብቅሽም። ወፍራም ሹራብ ያዢ፣ የደሴ ጠዋት ብርዱ አይቻልም።