የሚወጣው ደባል ሳይፈርም ፍራሹ ከግቢ አይውጣ

«ደሴ ሆጤ ላይ ለ3 ልጆች በአንድ ውል አከራይቻለሁ። ጊዜው ሳያልቅ አንዱ ልውጣ፣ ጓደኛዬ ይተካኝ አለ። ምን ላድርግ?» ያልከው ወንድሜ፣ አብሽር። እኛ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ደባል ሲወጣና ሲገባ ማየት ለምደናል። እኔም ቤቴን የማከራየው ለፓርኩ ሠራተኞች ነው።

1. መጀመሪያ ቀሪዎቹን ሁለቱን ለብቻቸው ጠይቃቸው። የማይፈልጉትን ሰው አስገብተህባቸው በወሩ ተጣልተው ሦስቱም ይወጡብሃል።

2. የሚወጣው ሒሳቡን ይዝጋ። መብራት፣ ውሃ፣ ቁልፍ፣ የተሰበረ ነገር ካለ፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት በአንድ ቀን ይጠናቀቅ። ማስያዣውን ከአዲሱ ልጅ እጅ ለእጅ ከተቀበለም «ድርሻዬን ወስጃለሁ፣ ከአከራዩ የምጠይቀው የለም» ብሎ ይፈርም።

3. ፊርማውን ዛሬ ነገ እንዳትል። ከተከራዮቼ አንዷ አዲስ አበባ ሥራ አገኘችና ልትወጣ ሆነ። ውል የሚመዘገብበት ቢሮ ሄጄ አስቀድሜ ጠየቅሁ። «የስም ለውጥ ብቻ ነው፣ አዲሷ መጥታ ትፈርም» ተባልኩ። ልጅቷ ሄደች። አዲሷን ይዤ ስመለስ ያው ሰውዬ «የድሮዋ ቀርባ ካላፈረሰች አይሆንም» አለኝ። «አንተው ነህ ያልከኝ» ስለው ወረቀቱን ገፋ አደረገና «ነገ ነይ» አለ። ልጆቼን ያሳደግሁበት ቤት ነው፤ እንደ ለማኝ በር ላይ ያቆመኛል! ያ ሁሉ ሲሆን አዲሷ «ስሜ ውሉ ላይ የለም» ብላ ኪራይ አልከፍልም አለች። ቀሪዎቹ ደግሞ «እኛ ድርሻችንን ከፍለናል»። በመጨረሻ የልጅቷን ትራንስፖርት ከኪሴ ከፍዬ ከአዲስ አበባ አስመጣኋት። አላህ ይስጣት፣ ሳታንገራግር መጥታ ፈረመች።

ከዚያ ወዲህ አዲሱን ውል ራሴ ነው የማስጽፈው፣ ደላላም አይገባበት። «ሦስታችንም በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነን» የምትል መስመር አትቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን በውል ካልተቀየረ በቀር አብረው ለተዋዋሉ ባለዕዳዎች የሚለው ይህንኑ ነው። አንዱ ባይከፍል ሙሉውን ከሌሎቹ ትጠይቃለህ። «ድርሻዬን ከፍያለሁ» የሚል ክርክር ከግቢዬ ጠፍቷል።

ተያዡንም አትርሳ። የወጣው ልጅ አጎት የተያዘው ለእህቱ ልጅ ነው፣ ለማያውቀው ሰው አይደለም። አዲሱ የራሱን ተያዥና የመታወቂያ ኮፒ ያምጣ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ነው። እዚያው ደሴ ቢሮው ሄደህ ጠይቅ፣ ግን የነገሩህን በጽሑፍ ስጡኝ በል። እምቢ ካሉ የሚወጣውን ልጅ ይዘኸው ሂድ፤ ሥራ አለብኝ ቢልህም ጠዋት በር ሲከፈት አብራችሁ ግቡ።